ሂርናን ማን ጻፋት?

ሰኔ ግም ሲል አገሩ በሁለት ነገር ይጥለቀለቃል፤ በዝናብና በጋዋን። ፎቶ ቤቱ ይሟሟቃል፣ አበባ ሻጩ ዋጋ ይጨምራል፣ ከገጠር የመጡ እናቶች በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ደስ የሚል ነገር ነው። ከዚህ ደስታ ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብሎ ግን ማንም ፎቶ የማይነሳበት ሌላ ወቅት አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ነው። ተማሪው «ሲኒየር ኤሴይ» ይለዋል፤ ምሕንድስና የሚማረው «ፕሮጀክት» ይለዋል፤ አባት ደግሞ «ያ መጨረሻ ላይ የሚጽፉት ነገር» ይሉታል። በዚህ ወቅት በየዩኒቨርሲቲው አጥር ዙሪያ፣ በየመብራት እንጨቱ ላይ ትናንሽ ወረቀቶች ይለጠፋሉ። «ፕሮፖዛልና ሪሰርች እናማክራለን» ይላሉ። ከሥር ስልክ ቁጥር አለ። «እናማክራለን» የምትለው ቃል ጨዋ ናት፤ ትርጉሟን የሚያውቅ ያውቃታል።

ብዙ ሰው ይህን ነገር እንደ ቀላል ሌብነት ነው የሚያየው። «አርባ ገጽ ወረቀት ምን ቁም ነገር አለው? መምህሩም ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ነው የሚያልፈው። ደግሞስ ማን ተጎዳ?» ይላል። ማን እንደተጎዳ ለማየት እስከ ሂርና ድረስ መሄድ ያስፈልገናል።

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በመኪና የሄደ ሰው ሂርናን ያውቃታል። አዋሽን ተሻግሮ፣ የሚኤሶን ሙቀት አልፎ፣ ዛሬ ጭሮ ወደምትባለው ወደ አሰበ ተፈሪ ይወጣል። ከዚያ የጨርጨርን ተራራ ሲጠማዘዝ ቆይቶ፣ ማሽላውንና ቡናውን እየተወ፣ የጫት ማሳ በማሳ ላይ እየተደራረበ ሲመጣ ሂርና ይደርሳል። ሻይ ይጠጣል፤ ጫት የሚገዛ ይገዛል፤ «ቼለንቆ ስንት ሰዓት ይቀራል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይሄዳል። የአብዛኛው መንገደኛና የሂርና ትውውቅ ይኸው ነው። ስለ ሂርና አንድ መጽሐፍ ጥቀስ ቢባል መንገደኛው ይስቃል። «ሂርና ደግሞ ምን ታሪክ አላት?»

አላት እንጂ! እንዲያውም ከብዙ ታላላቅ ከተሞች ቀድማ በጽሑፍ የሰፈረች ናት። የጻፋት ሰው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አርተር ራምቦ! (ይህ ራምቦ በፊልም ላይ መትረየስ የሚያንጣጣው ራምቦ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ነው። ለነገሩ ይኸኛውም ከጠመንጃ ጋር አይተዋወቅም ማለት አይቻልም። ሃያ ዓመት እንዳለፈው ግጥምን ከነአካቴው ትቶ ነጋዴ ሆነና ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ሸዋ ድረስ የመጣ ሰው ነው።) በ1879 ዓ.ም. ግንቦት አካባቢ ራምቦ ሒሳቡን አወራርዶ፣ ዡል ቦረሊ ከሚባል ፈረንሳዊ ተጓዥ ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ በኢቱ አገር፣ በጨርጨር በኩል ወደ ሐረር ሄደ። ከዚያም ካይሮ ደርሶ ለቀድሞ አሠሪው ለአልፍሬድ ባርዴይ የመንገዱን ዝርዝር ጻፈለት። ከዚህ እስከዚህ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር፣ እዚህ ውኃ አለ፣ እዚያ ደን አለ እያለ የሚዘረዝር ደረቅ ሪፖርት ነው። ወረቀቱ ለፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር ተላልፎ በዚያው ዓመት ታተመ። በዚህ ሪፖርት ውስጥ ሂርና አለች። ሸለቆዎቿ ውብ ናቸው፣ ደኑ ጥላ ይሰጣል፣ ቡና አላት ይላል። ቀጥሎም የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጥቂት «ቱርኮች» ልኮ የሸዋን ጦር ሰፈር ሊያስነቅል የሞከረው እዚህ ቦታ ነው፣ ምኒልክ የተነሡትም በዚህ ምክንያት ነው ብሎ ያልፋል። ይኸው ነው። ጥቂት መስመር ናት።

ይቺ ጥቂት መስመር ግን ትልቅ ነገር አዝላለች። ግብፆች በ1877 ዓ.ም. ሐረርን ለቀው ሲወጡ ሥልጣኑ ወደ አሚር አብዱላሂ ተመለሰ። በደጃዝማች ወልደ ገብርኤል የሚመራው የሸዋ ጦር ወደ ጨርጨር ዘልቆ ሂርና ላይ ሰፈረ። የአሚሩ ሰዎች ሌሊት መጥተው ሰፈሩን መቱት። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን በዚያ ሌሊት ርችት ተተኩሷል። የሸዋ ወታደር ጥይት ያውቃል፤ ሰማይ ላይ ተሰንጥቆ ቀይና አረንጓዴ የሚሆን እሳት ግን የት ያውቃል? ተደናግጦ ወደ አዋሽ ሸሸ። ከዚህ በኋላ ነው ንጉሥ ምኒልክ ራሳቸው የተነሡት። በ1879 ዓ.ም. ገና ሰሞን ቼለንቆ ላይ ጦርነት ሆነ፤ አሚሩ ተሸነፈ፤ ሐረር ተያዘች፤ ራስ መኰንን (ያን ጊዜ ገና ራስ አልተባሉም) ተሾሙባት። ቼለንቆን ሁሉም ያውቃል፤ በደግም በክፉም ይነሣል። የቼለንቆ ደጃፍ ግን ሂርና ናት።

አሁን ጥያቄው ይምጣ። በዚያ ሌሊት ሂርና ውስጥ የሸዋ ሰው ነበረ፣ የሐረር ሰው ነበረ። የሸለቆው ባለቤት ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አይደሉም። ባለቤቱ ኢቱ ኦሮሞ ነው፤ በኦዳ ቡልቱም ዛፍ ሥር ሕጉን ሲደነግግ የኖረው ሕዝብ። ከብቱን በረት አስገብቶ የተኛ የሂርና ሰው ርችቱ ሰማዩን ሲሰነጥቀው ምን አለ? ለልጁ ምን ብሎ ነገረው? ልጁስ ለልጅ ልጁ? የራምቦ ሪፖርት ይህን አይነግረንም። ሊነግረንም አይችልም፤ መንገደኛ ነዋ! መንገደኛ ውኃው የት እንዳለ ይጠይቃል፤ የቤቱን ታሪክ ለመጠየቅ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ማን ይቀመጥ? የአዲስ አበባው ምሁር ለሁሉም ከተማ አይዳረስም። የውጭ አገሩ ተመራማሪ ሐረር ደርሶ ይመለሳል። ከተማዋ ጸሐፊ ገዥ ከገጠማት ዕድለኛ ናት፤ ጎረቤቷ አሰበ ተፈሪ ገጥሟታል። በ1910ዎቹ የጨርጨር ገዥ የነበሩትና አሰበ ተፈሪን ዋና ከተማ አድርገው የቆረቆሯት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ሩሲያ ተምረው የመጡ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ስለ ጨርጨር ሥራቸው በሕይወት ታሪካቸው ጽፈው አልፈዋል። የእሳቸውም ጽሑፍ ቢሆን ለኅትመት የበቃው ከሞቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው! ሂርና እንዲህ ያለ ገዥ አልገጠማትም። ባቡሩም አልመጣላት፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ሐዲድ ቆላ ቆላውን፣ በሚኤሶ በኩል ነው ወደ አዲስ አበባ የሄደው። ጸሐፊ ገዥም፣ የባቡር ጣቢያም የሌላት ከተማ ተስፋዋ አንድ ብቻ ነው። ከልጆቿ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ የመጨረሻ ዓመት ደርሶ፣ «ርዕስ አምጣ» ሲባል፣ ሂርናን ያመጣ እንደሆነ።

እንግዲህ የዚህ «ርዕስ አምጣ» የሚሉት ነገር ታሪክ ራሱ መነገር ያለበት ነው።

አንዳንዱ ነገሩ ከፈረንጅ የመጣ ይመስለዋል። ቅርጹ እውነትም ከዚያ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በርሊን ላይ እነ ራንከ ተማሪዎቻቸውን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስበው «መምህሩ ያለውን አትድገሙ፤ ሰነዱን ራሳችሁ አንብቡ» ማለት ሲጀምሩ የተወለደ ልማድ ነው። ነፍሱ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለችም። የቅኔ ቤቱን ተማሪ አስቡት። ቀን ከሰው ተለይቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማታ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፣ ያፈርሳል፣ መልሶ ይሰደዋል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ተማሪ እንደ ሌባ ነው የሚታየው። ብቃቱ ሲታወቅ «አስመሰከረ» ይባላል። ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ «ወረቀት ተቀበለ» አይደለም፤ አስመሰከረ ነው። ወደ ሐረርጌ ስንመጣ ደግሞ ደረሳውን እናገኘዋለን። ደረሳው ኪታቡን ሼኹ ፊት ቀርቶ ሲጨርስ ኢጃዛ ይቀበላል። ኢጃዛ ውስጥ ሰንሰለት አለ፤ እኔ ከእገሌ ሰማሁ፣ እገሌ ከእገሌ፣ እገሌም ከእገሌ። ሰንሰለቱ የተበጠሰ እውቀት ዋጋ የለውም።

ከቅኔ ቤቱ አንድ ሕግ፣ ከደረሳው አንድ ሕግ ውሰዱ። የራስህን ተናገር፤ ከማን እንደሰማህ ተናገር። የመመረቂያ ጽሑፍ ማለት እነዚህ ሁለት ሕጎች ናቸው። የቀረው የኅዳግ ስፋትና የመስመር ክፍተት ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ነገሩ የጀመረው በጨዋታ መልክ ነው ማለት ይቻላል። በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ተማሪዎች የሥነ ሰብ ማኅበር አቋቁመው፣ ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አንድ መጽሔት ያወጡ ነበር። ማን ምን ይጻፍ? ሁሉም የሚያውቀውን፣ የመጣበትን። ሠርግ በእኛ አገር እንዴት ነው፣ ለቅሶ እንዴት ነው፣ ልጅ ሲወለድ ምን ይደረጋል። ክረምት አገራቸው ሲገቡ ይጠይቃሉ፣ መስከረም ሲመለሱ ይጽፋሉ። የሃያ ዓመት ልጆች የጻፉት ያ መጽሔት ከአርባ ዓመት በኋላ ሊቃውንት ፈልገውት እንደገና ታተመ።

በ1954 ዓ.ም. ኮሌጁ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በዓመቱ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው መጣ፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ታዘዘ። አብዛኛው መምህር ሆነ። መጀመሪያ ብዙ ተማርሮበታል፤ ግን አንድ ዓመት ሙሉ በገጠር ከተማ ሻይ ቤት የተቀመጠ ልጅ አገሩን እንደ አዲስ ያያል፤ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመለሰው። ከዚያ በኋላ ባሉት የ1960ዎቹ ዓመታት በታሪክ ትምህርት ክፍል የመመረቂያ ጽሑፎች መደርደር ጀመሩ። በዚያን ጊዜ እዚያ ያስተምሩ ከነበሩት አንዱ አሜሪካዊው ሪቻርድ ኮክ ነው፤ ሐረር በ1879 ስለተያዘችበት ሁኔታ ዛሬም የሚጠቀሰውን ጥናት የጻፈው እሱ ነው። መምህሩ ሐረርን ሲጽፍ ተማሪው አገሩን ይጽፍ ነበር። የገበያ ታሪክ፣ የአንድ ደብር ታሪክ፣ የአንድ ባላባት ቤት ታሪክ፣ የአንድ ከተማ አቆራቆር። ከአብዮቱ በኋላ የገባርና የመሬት ጉዳይ በረከተ፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማንነት ጥያቄ። ዘመኑ የሚጠይቀውን ተማሪውም ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን ጠቀመ? ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊት ኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፉ በየምዕራፉ መጨረሻ ምንጮቻቸውን ዘርዝረዋል። ዝርዝሩን አንብቡት። ከታላላቆቹ መጻሕፍት ጎን ለጎን ያልታተሙ የተማሪ ጽሑፎች ተሰልፈዋል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ፣ በየዩኒቨርሲቲው የሚነበበው የአገር ታሪክ ከእነዚያ ልጆች ጥቁር ጥራዝ እየቀዳ ነው የተጻፈ። በመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜያቸው የጻፉት ወረቀት የአገር ግድግዳ ውስጥ እንደ ጡብ ገብቷል። ጡቡ ውሸት ቢሆን ኖሮስ?

ከእነዚህ ጥራዞች ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል የቱ እንደሆነ ልንገራችሁ። መግቢያው አይደለም፤ መግቢያው ሁልጊዜ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነው። ማጠቃለያውም አይደለም፤ እሱ ከመግቢያው የተገለበጠ ነው። ትልቁ ሀብት ያለው መጨረሻ ላይ፣ ማንም በማያነበው ገጽ ላይ ነው፤ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር። ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቀን፣ ቦታ፣ አስተያየት። አስተያየቱ ላይ «የቀድሞ ጭቃ ሹም፤ ማስታወስ ይችላሉ፤ ስለ ዘመድ ሲናገሩ ግን ያጋንናሉ» የሚል ዓይነት ነገር ታገኛላችሁ። ይህ ኢጃዛ ነው። ሰንሰለቱ እዚያ ነው ያለው። በ1960ዎቹ የሰማንያ ዓመት አዛውንት የነበሩ ሰው ቼለንቆ ሲሆን ገና አልተወለዱም ወይም በእቅፍ ነበሩ፤ አባታቸው ግን ያን ሌሊት ያስታውሳሉ። አንድ እጅ ብቻ ነው የቀረው። አዛውንቱ ሳይጠየቁ ከሞቱ ያ እጅ ተቆረጠ ማለት ነው። መልሶ የሚቀጥለው የለም።

አዛውንት መጠየቅም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌ ዓመተ ምሕረት አይነግርህም። «ክፉ ቀን ሲገባ» ይልሃል፤ 1880 መሆኑን አንተ ማወቅ አለብህ። «የኅዳር በሽታ ጊዜ» ይላል፤ 1911 ነው። «ጣሊያን ሳይገባ»፣ «የዚያድ ባሬ ጦር ሲመጣ» ይላል። ይህን እያያዘ፣ የአንዱን ቃል ከሌላው እያጋጨ፣ ጊዜውን መስመር ማስያዝ የተማሪው ሥራ ነው። ይህን አንድ ጊዜ የሠራ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ወሬ ሲሰማ «ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ?» ማለትን አይረሳም። ለአንድ አገር ዜጋ ከዚህ የበለጠ ምን ትምህርት አለ?

አንድ የሂርና ልጅ አስታውሳለሁ። ስሙን ልተወው። በ1990ዎቹ አጋማሽ አስተምርበት በነበረ አንድ ኮሌጅ ሥነ ጽሑፍ ያጠና ነበር፤ አማካሪው ነበርኩ። እንደ ጓደኞቹ ሁሉ ስለ አንድ የታወቀ ልቦለድ ገጸ ባሕርያት ሊጽፍ አቅዶ መጣ። ስለዚያ ልቦለድ በዚያው ዓመት ብቻ አምስት ሰው አመልክቷል።

«ያገርህን ነገር ለምን አትጽፍም?» አልኩት።

«አቦ ቲቸር፣ ሂርና ደግሞ ምን ይጻፍባታል? መኪና ለሻይ የሚቆምባት አገር ናት እኮ!»

«አያት አሉህ?»

«አኮ አሉ። ግን አማርኛ አይችሉም።»

«አንተ ኦሮምኛ ትችል የለ?»

ሳቀ። ለፋሲካ ዕረፍት ቴፕ ተበድሮ ሄደ። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የመጣው። በእነሱ አገር ገበሬው ተባብሮ የሚሠራበት ደቦ «ጉዛ» ይባላል፤ በጉዛ ላይ የሚዘፈነውን ከአያቱና ከጎረቤቶቻቸው ሦስት ካሴት ሙሉ ቀድቷል። «ሆጃ አፍልተው እያጠጡኝ ሌሊቱን ነገሩኝ» አለኝ። አኮ ከዘፈኑ ጋር ሌላም ነገር ነግረውታል፤ ይህ ማሳ ድሮ ቡና ነበረ፣ ያኛው መቼ ወደ ጫት ተዞረ፣ ማን ነቀለው፣ ለምን ነቀለው። የዘፈን ጥናት ብሎ ሄዶ የአንድ ሸለቆ ኢኮኖሚ ይዞ መጣ። ቋንቋው ይንገዳገድ ነበር፤ ትንታኔውም ልል ነው። የሰማውን ግን ከማን እንደሰማ አንድ በአንድ ጽፏል።

ከዓመታት በኋላ ደወለልኝ። አኮ አርፈዋል። ካሴቶቹ ከቤት ቤት ሲዘዋወሩ ጠፍተዋል። ጥራዙን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ለልጆቹ ሊያስቀምጥ ፈልጎ ኮሌጁ ሄዶ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ሌላ ሕንጻ ሲዛወር የተማሪ ወረቀቶች በማዳበሪያ ከረጢት እየታሰሩ መጋዘን ገቡ፤ መጋዘኑ ደግሞ ዝናብ ያስገባል። አላገኘውም። «ቲቸር፣ የአኮ ድምፅ ያለው እዚያ ብቻ ነበር» አለኝ። ምን እለዋለሁ? «ነፍስ ይማር» ይባላል ለሰው፤ ለጥራዝ ምን እንደሚባል አላውቅም።

እንግዲህ አደጋው ከሁለት አቅጣጫ ነው። የተጻፈው ይጠፋል፤ የሚጻፈው ደግሞ አይጻፍም።

መጀመሪያ ስለማይጻፈው። በ1983 ዓ.ም. በአገሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች በእጅ ጣት እንኳ የሚቆጠሩ አልነበሩም፤ አዲስ አበባና ዓለማያ ማለት ይቻላል። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ጭሮ ራሷ መጀመሪያ የሐረማያ ካምፓስ ነበራት፤ በ2000ዎቹ መጨረሻ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመላት። ከሂርና አንድ ሰዓት መንገድ ላይ ዩኒቨርሲቲ! ተክለ ሐዋርያት ቢያዩት ምን ይሉ ነበር? ይህ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም። ነገር ግን አንድ አማካሪ አምስት ልጅ ሲይዝ የነበረው ዛሬ ብዙ እጥፍ ይይዛል። ሁሉንም ማንበብ አይችልም። የማይነበብ ነገር ደግሞ አይጻፍም፤ ይገለበጣል። ድሮ ለመስረቅ እንኳ ላብ ያስፈልግ ነበር፤ የሰው ጽሑፍ በካርቦን እንደገና በጽሕፈት መኪና መመታት አለበት። ከዚያ ፍሎፒ መጣ፣ ከዚያ ፍላሽ። በፍላሽ ዘመን የአንድ ከተማ ታሪክ የከተማው ስም ብቻ ተቀይሮ የሌላ ከተማ ታሪክ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወንዝ በሌላት ከተማ ላይ ወንዝ ፈሰሰባት! አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት መጥቷል፤ በደቂቃ ውስጥ ሰዋስው የማይሳሳት አርባ ገጽ ይሰጥሃል። ስለ ሂርና ጻፍ ብትለው ይጽፍልሃል። አኮን ግን አልጠየቃቸውም። ሆጃቸውንም አልጠጣም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። «ወረቀቱ ስለተበላሸ በፈተና ለካነው» የሚል አለ። ጥሩ፤ ፈተና ይለካል። ልጁ ከመጽሐፍ የሚያውቀውን ይለካል። ገና በማንም መጽሐፍ ያልገባውን ነገር ከአያቱ አፍ ማውጣት መቻሉን ግን የትኛውም የምርጫ ጥያቄ አይለካም። በርግጥ አንዳንድ ዘርፍ አሁንም መሬት ይነካል። ሂርና ራሷ ውስጥ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፤ የከብት ሕክምና የሚያጠና ልጅ የሰበሰበውን ደም ከዚያ ማስመርመር አለበት። ከብቷ መኖር አለባት፤ ደሙም መቀዳት አለበት። ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍም እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ አለን እኮ፤ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ ናቸው።

የሚቃወመኝ ሰው ይኖራል፤ ይገባኛልም። «የድሮዎቹስ ቢሆኑ ምን ነበሩ? እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ፣ የራሳቸውን ጎሳ የሚያወድሱ፣ ቀን የሚያምታቱ አይደሉም ወይ?» እውነት ነው፤ ነበሩ። ብዙ አንብቤያለሁ። የአገሩን ባላባት ከሰሎሞን የሚያስበልጥ ሞልቷል። ይሁን እንጂ የተሳሳተ ምስክር በሌላ ምስክር ይታረማል። የውሸት ምስክር ግን የሚታረምበት የለም፤ ምክንያቱም ከበስተኋላው ሰው የለም። የሂርና ሽማግሌ ቢያጋንኑ የቼለንቆ ሽማግሌ ያርሟቸዋል። ከሌላ ከተማ የተገለበጠውን የሂርና ታሪክ ማን ያርመው? ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ቅን ተመራማሪ ያንን ጥራዝ ምንጭ ብሎ ያነሣዋል፤ በመጽሐፉ ያስገባዋል፤ የሂርና ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ የሌላ ሰው አያት ታሪክ እንደ አያቱ ታሪክ ያጠናል። «ማን ተጎዳ?» ላለው ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ስለተጻፈው ነው። ሽማግሌው በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ልጁ በአማርኛ ማስታወሻ ያዘ፤ በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ አዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ሽማግሌው የሰጡትን ዳግመኛ አላዩትም። ከቤታቸው የወጣ እንግዳ «ደርሻለሁ» ብሎ እንኳ አልላከም። ይህ በእኛ ባሕል ነውር ነው! መፍትሔው ደግሞ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። እያንዳንዱ ተማሪ ሁለተኛ ቅጂ ላጠናው ከተማ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት ይስጥ። ፍሬ ሐሳቡን በሦስት ገጽ፣ በመረጃ ሰጪዎቹ ቋንቋ ይጻፍ። የቀዳውን ድምፅ አብሮ ያስቀምጥ። ዩኒቨርሲቲውም የዝርዝሩን ገጽ ይመልከት፤ ከተዘረዘሩት ሽማግሌዎች ለሁለቱ ቢደወል፣ «ይህ ልጅ መጥቶ ጠይቆዎታል?» ቢባል፣ ግማሹ ሌብነት በአንድ ሳምንት ይቆማል። ሽማግሌው ደግሞ ተጠርተው ይመሰክራሉ፤ ልጁም በቀድሞው ትርጉም አስመሰከረ ማለት ነው።

ዘንድሮም ከሂርና ወጥተው የመጨረሻ ዓመት የደረሱ ልጆች አሉ። ከዶባ፣ ከገለምሶ፣ ከበዴሳ፣ ከመቻራ የመጡም አሉ። በአጥሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ስልክ ቁጥር ከመገልበጣቸው በፊት ቤታቸው ቢደውሉ ደስ ይለኛል፤ ስልኩን አያትየው ካነሡት ደግሞ ይበልጥ። ራምቦ በበቅሎ ሲያልፍ፣ ለአንዲት ቀን ብቻ ያያትን ሂርናን ጥቂት መስመር አልነፈጋትም፤ ያውም ግጥም መጻፍ የተወ ሰው። የገዛ ልጇ አርባ ገጽ ለመጻፍ ከሰው የሚገዛ ከሆነ ግን ከተማዋ እስከ ዘላለሙ በመንገደኛ ዓይን እንደታየች ትቀራለች።